ለንሲሚሬ የተሰጠው ክኒን

ቡሺራ፣ ሴፕቴምበር 21 ቀን 2003

ለተከበሩ አጎቴ ለአባ ቺሪምዋሚ፣

እንደምን ከረሙ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሁለት ደብዳቤ ጽፈውልኝ ሳልመልስ በመክረሜ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ወደ ኪንሻሳ የሚሄድ የታመነ ሰው ማግኘት እንዴት እንደሚያስቸግር ያውቃሉ። ግን ሰበብ አላብዛ፤ ብዕር ማንሳት አቅቶኝ ነው የከረምሁት።

ጉልበትሽ እንዴት ሆነ ብለውኛል። ከሐይቁ ጭጋግ ሲነሣ ይጠዘጥዘኛል እንጂ ያስኬደኛል። የእናቴ መቃብር ሣሩ ታጭዶ መስቀሉ ቀለም ተቀብቷል። ሐኪሙ አሁንም ከከተማ በጀልባ ነው የሚመጣው፤ ወታደሮቹ ሲከለክሉት ደግሞ እኔና ሲስተር ቤርናዴት አለን። መንገዱ ሰላም ሆነ ወይ ላሉኝ ግን ምን ብዬ እንደምመልስ አላውቅም።

አሁን እኔ በተራዬ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እንደ አጎት ሳይሆን፣ ዘርዓ ክህነት ገብተው እንደሚያስተምሩ መምህር ይመልሱልኝ። ታጣቂዎች የደፈሯት ሴት ወደ ካቶሊክ ሆስፒታል ብትመጣ፣ ስትመረመርም እርጉዝ አለመሆኗ ቢታይ፣ እርግዝና እንዳይፈጠር የሚከላከል ክኒን ሊሰጣት ይፈቀዳል ወይ? የእርዳታ ሰዎች አንድ ካርቶን ትተውልን ሄደዋል። የሀገረ ስብከቱ መመሪያ እንዲህ ያለ መድኃኒት በሆስፒታሎቻችን እንዳይቀመጥ ያዛል። ሲስተር ቤርናዴት «መልሺው» ትለኛለች። የመድኃኒት ክፍሉ ቁልፍ ያለው እኔ ዘንድ ነው።

ሲስተሮቹ ሁሉ ሰላም ብለውዎታል። በጸሎትዎ አይርሱኝ።

ልጅዎ ፊሎሜን


ኪንሻሳ፣ ኦክቶበር 19 ቀን 2003

ውድ ልጄ ፊሎሜን፣

ሰላምሽ ይብዛ። ያመጣልኝ ነጋዴ ሳጥኑ ውስጥ ከደረቀ ዓሣ ጋር ስላስቀመጠው ደብዳቤሽ ሐይቁን ሐይቁን ይሸታል። ተማሪዎቼ ፊት ሳነበው እንዳልሳቅ ከንፈሬን ነከስሁ።

እንደ መምህር መልስ ብለሻልና እንደ መምህር ልመልስ። ቤተ ክርስቲያን የእርግዝና መከላከያን የምትከለክለው ባልና ሚስት ፈቅደው ለሚሰጣጡት ፍቅር ነው። በዚህች ሴት ላይ የተፈጸመው ግን ፍቅር አይደለም፤ ጥቃት ነው። የተጠቃ ሰው ራሱን መከላከል ይችላል። ያ ሰው ጥሎባት የሄደው ዘር ከእንቁላሏ ጋር እንዳይገናኝ ማድረግ፣ እጁን ከላይዋ ለማስለቀቅ ካደረገችው ትግል የሚለይ አይደለም። እስከዚህ ድረስ አብዛኞቹ ሊቃውንት ይስማማሉ።

ጭንቁ ከዚህ ቀጥሎ ነው። ጽንስ ተፈጥሮ ከሆነ፣ ያ ጽንስ አጥቂ አይደለም። እንደ እናቱ ሁሉ እሱም ምንም አላጠፋም። ክኒኑ እንቁላሉ እንዳይወጣ የሚያግድ ከሆነ መከላከል ነው፤ የተፈጠረውን ጽንስ ከማኅፀን እንዳይጣበቅ የሚያደርግ ከሆነ ግን መግደል ይሆናል። የትኛውን እንደሚያደርግ ደግሞ ሐኪሞቹ ራሳቸው አልተስማሙም። ለዚህ ነው መመሪያው በሩን ጠቅልሎ የዘጋው። ጠቅልሎ መዝጋት ትክክል ነው አላልሁም።

አሁን ደግሞ እንደ አጎት። «ብትመጣ» ብለሽ ጽፈሻል። አንቺ በልጅነትሽም አንድ ነገር ሰብረሽ ስትመጪ «ሳህን ቢሰበር እናቴ ትቆጣለች?» ነበር የምትዪው። ሰጥተሻል ወይስ አልሰጠሽም?

አጎትሽ ቺሪምዋሚ


ቡሺራ፣ ኖቬምበር 16 ቀን 2003

ለተከበሩ አጎቴ፣

ሰጥቻለሁ።

ደብዳቤውን በዚህ በመጀመሬ ይቅር ይበሉኝ፤ ሰላምታ ባስቀድም ልቤ የሚከዳኝ መሰለኝ። ሴትዮዋን ያውቋታል። ንሲሚሬ ትባላለች፤ ባለፈው መጥተው ሳለ ጀልባው ጋ ሳምባዛ ዓሣ ስትሸጥ የተከራከሩዋት ናት። «አባ፣ ለነፍሴ ይጸልዩልኝ እንጂ ዋጋ አይቀንሱብኝ» ያለችዎት። ባሏ ባጋልዋ ወርቅ ቁፋሮ ሄዶ ነበር። ሦስት ልጆች አሏት፤ ሁለት ቀብራለች።

የመጀመሪያውን ደብዳቤ ከመጻፌ በፊት አንድ ቀን ጠዋት ከገበያ ስትመለስ በቀጥታ ወደ እኛ ነው የመጣችው። በሩ ላይ ቆማ «ሲስተር፣ ዓሣዬን ሁሉ ደፉብኝ» አለችኝ። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ቀሚሷን ሳይ መጨመርም አላስፈለጋትም። የሆነውን ለእርስዎ አልጽፈውም፤ እሷም ለእኔ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ነው የነገረችኝ።

አጠብኋት፤ ቁስሏን ሰፋሁላት። ከዚያ ራሷ ጀመረችው።

«ከዚያ ሰው አርግዤ እንደሆነስ?»

«ዛሬ ማወቅ አይቻልም።»

«መከላከያ አለ ይባላል። እናንተ ዘንድ አለ?»

«አለ» አልኋት።

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?»

የምጠብቀውን ነገርኋት፤ ስለ ጽንሱ፣ ስለ መመሪያው። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦ «ሲስተር፣ እኔ ሕፃን ላስገድል አልመጣሁም። አምስት ወልጃለሁ፤ ሕፃን ምን እንደሆነ ከአንቺ ይልቅ አውቃለሁ። ያ ሰው እንዳይገባ በሩን ዝጊልኝ ነው የምልሽ።»

ሽንቷን መረመርሁ፤ እርጉዝ አልነበረችም። የወር አበባዋን ጠየቅሁ፤ ካበቃ ገና ቅርብ ነው፤ እንቁላሏ የሚወጣበት ጊዜ አልደረሰም። ይህን ያህል ካረጋገጥሁ በኋላ ወደ መድኃኒት ክፍል ስሄድ ቤርናዴት በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

«ፊሎሜን፣ እርግጠኛ ነሽ?»

«እንደ ሰው አቅሜ ነኝ። እንደ እግዚአብሔር አይደለሁም።»

«ቁጥቋጦው ሲንቀሳቀስ ሰው ሊሆን ይችላል ብሎ የሚጠረጥር አዳኝ አይተኩስም። ይህን ያስተማሩን አጎትሽ ናቸው።»

«እኔ የማየው ቁጥቋጦ የለም። የማያት እዚያ አልጋ ላይ ያለችውን ሴት ነው።»

ከበሩ ዞር ብላ አሳለፈችኝ። ስመለስ፣ «ለጳጳሱ እጽፋለሁ» አለችኝ። «ከኋላሽ አይደለም፤ ይኸው ፊት ለፊት እየነገርሁሽ ነው።» ጻፊ አልኋት። ያን ዕለት ራት ላይ ባቄላውን ያወጣችልኝ እሷ ናት፤ አብዝታ ነው ያወጣችልኝ። አጎቴ፣ እባክዎ አይፍረዱባት። አልቅሳ እንደነበር ዓይኗ ያስታውቅ ነበር።

አንድ ጥያቄ ልጨምር። በስልሳዎቹ ዓመታት በዚህ አገር ሁከት ሲነሣ፣ ፈረንጆቹ ደናግል እንዳይደፈሩ በተፈራ ጊዜ፣ መከላከያ ቢወስዱ ኃጢአት አይደለም ብለው የጻፉ የሮም ሊቃውንት እንደነበሩ እርስዎ ነዎት የነገሩኝ። ለድንግሊቱ የተፈቀደ ለዓሣ ሻጯ የሚከለከለው በምን ምክንያት ነው?

ፊሎሜን


ኪንሻሳ፣ ጃንዋሪ 11 ቀን 2004

ውድ ልጄ፣

የኖቬምበሩም የገና ሰሞኑም ደብዳቤሽ ባንድ ቀን ደረሱኝ። ቁልፉን ለሲስተር ቤርናዴት አስረክበሽ፣ ነገሩ እስኪወሰን ከሐይቁ ርቀሽ በእናት ገዳማችሁ እንድትቀመጪ መታዘዝሽን አነበብሁ። ካርቶኑም እስከዚያው መቆለፉን። ታዝዘሽ መሄድሽን ወድጄልሻለሁ። ምን እንደተሰማሽ አልጠይቅሽም፤ ታዝዣለሁ የሚለውን ቃል ስትጽፊ ብዕሩ ወረቀቱን ቀድዶታል።

ስለ ደናግሉ የጠየቅሽኝ ልክ ነው፤ ልዩነቱን ስፈልግ ሰንብቼ አላገኘሁም። በእርግጥ እነሱ አስቀድመው ነው የሚወስዱት፣ ያንቺዋ ከጥቃቱ በኋላ ነው፤ ይህ ልዩነት የሚያመጣው ግን ስለ ጽንሱ መጠንቀቅን እንጂ የሴቲቱን መብት አይቀንስም።

አንዳንድ ነገር እንድትጽፊልኝ እፈልጋለሁ። የወር አበባዋ ያበቃው መቼ እንደሆነ ከራሷ አፍ ነው የሰማሽው? ምርመራውን ካንቺ ሌላ ያየ ሰው አለ? ክኒኑ እንዴት እንደሚሠራ ሐኪሞች አለመስማማታቸውን ነግረሻት ነበር? እርጉዝ ሆና ብታገኚያት ኖሮ ምን ታደርጊ ነበር? አሳጥረሽ፣ ግን ሳታስቀሪ ጻፊልኝ።

አጎትሽ


እናት ገዳም፣ ፌብሩዋሪ 8 ቀን 2004

ለአባ ቺሪምዋሚ፣

ለጥያቄዎችዎ፦ ከራሷ አፍ ነው የሰማሁት። ምርመራውን ቤርናዴት አይታለች። አለመስማማታቸውን ነግሬአታለሁ። እርጉዝ ሆና ባገኛት ኖሮ አልሰጣትም ነበር፤ ከአጠገቧም አልጠፋም ነበር።

እነዚህ የአጎት ጥያቄዎች አይደሉም። የጳጳሱ ጸሐፊ እዚህ መጥተው ነበር፤ ነገሩን እንዲመረምር ኪንሻሳ ላለ አንድ የሥነ ምግባር መምህር ተሰጥቷል አሉኝ። ስሙን ስጠይቃቸው ነገሩኝ። ሳቄ አመለጠኝ። ማዕድ ቤት ያሉት አሮጊት ሲስተር ሰምተው «ምን አግኝተሽ ነው?» ብለው መጡ። ዘመድ አገኘሁ አልኋቸው።

ለምን ሸሸጉኝ? እንዳልፈራ ነው ወይስ እንዳልዋሽ? እኔ እርስዎን ዋሽቼ አላውቅም፤ ሳህኑን እንኳ ይዤው ነው የመጣሁት።

ቂም ይዤ አይደለም የምጽፈው፣ ወይም ይዤ ይሆናል፤ ለንስሐ አባቴ እነግራለሁ። ግን አንድ ነገር ልለምንዎ። የሚጽፉት ነገር ንሲሚሬን የሚመለከት ከሆነ፣ ስለ እሷ ከእኔ አይስሙ። ሄደው ይጠይቋት።

ፊሎሜን


ቡሺራ፣ ማርች 14 ቀን 2004

ልጄ ፊሎሜን፣

ከየት እንደምጽፍልሽ አይተሻል። ያለሁት ቡሺራ ነው፤ አንቺ ግን የለሽም።

ይቅር በይኝ። እንዳልነግርሽ ያዘዘኝ የለም። የምትመልሺው ለመርማሪ እንዳይሆን ብዬ ነው፤ እውነተኛ ምስክርነት አገኛለሁ ብዬ አንቺን አጣሁ። ለጳጳሱም የእህቴ ልጅ ናትና ሌላ ሰው ይታዘዝ ብዬ ጽፌ ነበር። «እሱን አውቃለሁ» ብለው መለሱልኝ። «ወዲያም ወዲህም መሳሳት የሚያስፈራው ሰው ነው የፈለግሁት።»

ንሲሚሬን አየኋት። ዓሣዋን ዘርግታ ተቀምጣለች። ሳያት አወቅኋት፤ እሷም አወቀችኝ።

«አባ፣ ዛሬም ሊከራከሩ ነው?»

«ዛሬ ልሰማሽ ነው የመጣሁት።»

«ስለ ሆዴ ከሆነ፣ ሲስተሯ ጠይቃኛለች፣ ሌላዋም ጠይቃኛለች፣ የጳጳሱ ሰውም መጥቶ ጠይቆኛል። የወር አበባዬን ገበያው ሁሉ ሳያውቀው አይቀርም።»

«ስለ ሆድሽ አይደለም» አልኋት። ዋሸሁ፤ ስለ እሱ ነበር የመጣሁት።

አብሬያት ተቀመጥሁ። ገዢ መጣ፣ ሄደ። ቆይታ ራሷ ጀመረች። «እንዳላረገዝሁ ከታወቀ ወዲህ ሁሉም ‹ተመስገን፣ አልሆነም› ይለኛል። ምኑ ነው አባ ያልሆነው?»

ልጄ፣ ይህን ያህል ዓመት ሳስተምር እንዲህ ያለ ጥያቄ ቀርቦልኝ አያውቅም። ስነሣ አንድ እፍኝ ሳምባዛ በቅጠል ጠቅልላ ሰጠችኝ።

ባሏ ባጋልዋ ተመልሷል። ራሷ ነግራዋለች። ጥሏት አልሄደም፤ እሷ እንደምትለው ግን ሲያናግራት ዓይኑን ሐይቁ ላይ ያደርጋል። እኔንም እንዲሁ ነው ያናገረኝ። መረብ እየጠገነ፣ ቀና ሳይል፣ «አባ፣ ጠብመንጃ የያዙት ላይ መፍረድ ስላልቻላችሁ ነው ሲስተሯ ላይ የምትፈርዱት?» አለኝ። ሚስቱ «ባጋልዋ!» ብላ ተቆጣችው። ተይው አልኋት።

ቤርናዴትንም አነጋገርሁ። ያን የአዳኝ ምሳሌ ያስተማርኋት እኔው ራሴ ነኝ። አንድ ሌሊት አደርሁበትና ይህን አገኘሁ፦ አዳኙ የሚከለከለው ሰው አለ ብሎ የሚጠረጥርበት ምክንያት ሲኖረው ነው። ምክንያት የሌለው ጥርጣሬ ሁሉ ይከልክል ከተባለ ማንም እጁን ማንሳት አይችልም፤ ሕመምተኛም አይታከምም። በምርመራ የጽንስ ምልክት ካልታየ፣ ጊዜውም ገና መሆኑን ሴቲቱ ከተናገረች፣ የምትቃወሚው ዘሩን እንጂ ጽንሱን አይደለም። ምልክቱ ከታየ ግን እጅሽን ትሰበስቢያለሽ። ለጳጳሱ የምጽፈው ይህንን ነው። ቤርናዴት ሰምታ «አሁንም ያስፈራኛል» አለችኝ። እኔንም ያስፈራኛል አልኋት።

ጳጳሱ ሌሎች ሁለት መምህራንም እንዲያዩት ይፈልጋሉ። እንዲህ ያለ ነገር በችኮላ አይወሰንም። ታገሺ።

አጎትሽ


ቡሺራ፣ ጁን 27 ቀን 2004

ለተከበሩ አጎቴ፣

ታጣቂዎች ከተማው ውስጥ ስለከፈቱት ተኩስ ሰምተው ተጨንቀው እንደጻፉልኝ ይገባኛል። እኛ ዘንድ አልደረሰም፤ የሸሹት ግን ደርሰውናል። ሁላችንም ደህና ነን። መርማሪነትዎን ሸሽገው ስለጻፉልኝም፣ በዓሣው ዋጋ ስለተከራከሩም ይቅር ብዬዎታለሁ። ንሲሚሬ «ያ አጎትሽ አሁን ዋጋ መከራከር ትቷል፤ አስተማርሁት» ትላለች። ደህና ናት ልልዎ አልችልም፤ ገበያ ግን ትወጣለች።

የጳጳሱ ውሳኔ በሜይ መጨረሻ ደረሰን። ከጻፉት ብዙውን ተቀብለውታል። የተደፈረች ሴት ከሁሉ በፊት ትታመን፣ ትታጠብ፣ ትታከም፤ የጽንስ ምልክት ከሌለ ክኒኑ ይሰጣት፤ ካለ አይሰጥ፣ እሷ ግን አትተው ይላል። እኔ ወደ ሆስፒታሉ ተመልሻለሁ፤ ቁልፉ ከቤርናዴት ጋር ቀርቷል። ጳጳሱ ፊት ቀርቤ ይቅርታ ጠይቄአለሁ። ሳላስፈቅድ ስላደረግሁት ጠየቅሁ፤ ስላደረግሁት አልጠየቅሁም። እሳቸውም ጨምሪ አላሉኝም።

አሁን የጠየቁኝን ልመልስ። ውሳኔው ሥራ ላይ ዋለ ወይ ብለውኛል።

ያለፈው ማክሰኞ ጠዋት አንዲት እናት ከልጇ ጋር መጣች። ልጅቷ ሲፋ ትባላለች፤ የትምህርት ቤት ልጅ ናት፣ የደንብ ልብሷን ለብሳለች፣ ላዩ ላይ የእናቷን ነጠላ ጨርቅ አገልድማለች። እናትየዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አሁን ተፈቅዷል ሲሉ ሰምተን ነው» አለች። ቤርናዴት ፈጥና ተነሣች። ቁልፏን ይዛ «ፊሎሜን፣ ነዪ አብረሽኝ ቁሚ» አለችኝ። ደስ አለኝ አጎቴ፤ እንዲህ ባለ ነገር ደስ ይላል ወይ?

ሲፋ ጨርቁን ስታወልቅ ምርመራ አላስፈለገም።

«መቼ ነው?» ብዬ ጠየቅኋት። በጾሙ ወራት ነው አለች፤ ውኃ ልትቀዳ ወርዳ።

ቤርናዴት ቁልፉን ኪሷ ከተተች። ክኒኑ ከእንግዲህ እንደማይሠራ፣ ማስወረድም እኛ ዘንድ እንደማይደረግ የነገርኋቸው እኔ ነኝ። ውሳኔው የሚለውን ነው የተናገርሁት። የማምንበትንም ነው። እርጉዝ ባገኛት አልሰጣትም ብዬ ስጽፍልዎ ግን እንዲህ ያለች ልጅ ፊቴ አልነበረችም።

እናትየዋ አልጮኸችም። ቤርናዴትን ትክ ብላ አየቻትና፣ «አንቺ ነሽ እኮ» አለቻት። «ያኔ በማግሥቱ ይዣት መጥቼ ነበር። ‹ነገሩ እስኪወሰን የለም› ብለሽ መለስሽን።»

ቤርናዴት አላስታወሰቻቸውም ነበር። በጾሙ ወራት ብዙ ሴቶች ነበሩ የመጡት።

እናትየዋ ለትንንሾቹ ስትል ወደ ቤቷ ተመልሳለች። ሲፋ አሁን ከእኛ ጋር ናት። ሰፈር ውስጥ የሚባለውን እስኪያልፍ እኛ ጋ ትሁን ብለናል፤ ቤርናዴት አልጋዋን ለቅቃላት መሬት ላይ ትተኛለች፣ ብንለምናትም እምቢ ብላለች። ልጅቷ ትበላለች፣ ሒሳብ ትሠራለች፣ ከማንም ጋር አትነጋገርም። ትናንት ፀጉሯን ስሠራላት ግን ወደ እኔ ዞር ሳትል ተናገረች። የተቆጣ ድምፅ አልነበረም፤ አንድ የተሳሳተ ነገር እንደምታስተካክል ሆና ነው።

«ሲስተር፣ የዘገየሁት እኔ አይደለሁም እኮ» አለችኝ። «መጥቼ ነበር።»

መጥታ ነበር፣ አጎቴ።

ፊሎሜን